ከጠመኔ ምልክት እስከ ደም ምርመራ፦ በሽታ የመኖሪያ ፈቃድን በር ሲዘጋ

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ የሰፈራችን አንዲት ልጅ ዲቪ ደረሳት።

በዚያ ጊዜ እኛ ሰፈር ዲቪ የደረሰው ሰው እንደ ሙሽራ ነበር። ቤቱ በሰው ይሞላል። እናትየው ቡና እያፈሉ የመጣውን ሁሉ ያስተናግዳሉ። የማይታወቅ የዘመድ ዘመድ ይመጣና «እንግዲህ እንዳትረሺን» ይላል። ልጅቷ የምትሠራበትን ሱቅ ለቀቀች። አልጋና ቁም ሣጥኗን ሸጠች። ቨርጂኒያ ያለች የአክስቷ ልጅ ስፖንሰር ልትሆናት ወረቀት ላከች። ከዚያ ሜዲካል ሄደች።

ከሜዲካል በኋላ ነገሩ ሁሉ ዝም አለ።

«ቪዛ ተከለከለች» የሚለው ወሬ ሰፈሩን ለማዳረስ ሁለት ቀን አልፈጀበትም። ለምን እንደተከለከለች የጠየቀ ግን አልነበረም። ሁሉም የሚያውቅ መሰለው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስረጃ ያለው፣ ስፖንሰር ያገኘ፣ ወረቀቱ የተሟላ ሰው ከሜዲካል በኋላ ከቀረ ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። የቡናው ጠሪ ቀነሰ። ቀድሞ በአንድ ሲኒ የሚጠጡ ጎረቤቶች የየራሳቸውን ሲኒ መለየት ጀመሩ። የመረመራት ሐኪም ምስጢሯን ለማንም አላወጣም። ቆንስላውም አላወጣም። ምስጢሯን ያወጣው ራሱ ሕጉ ነው።

ይህን ታሪክ ሰሞኑን ደጋግሜ ሳስታውሰው ሰነበትኩ። ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2025 የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለቪዛ ሠራተኞቹ የላከውን መመሪያ የአገሪቱ መገናኛ ብዙኃን ዘግበውት ነበር። መመሪያው የስኳር በሽታን፣ የልብ ሕመምን፣ ካንሰርን፣ የአእምሮ ሕመምን፣ ከልክ ያለፈ ውፍረትን ሳይቀር እየጠቀሰ፣ አመልካቹ ለሕክምናው የሚከፍልበት አቅም እንዳለው መዝኑ ይላል። በየግሩፑ «አሁን ደግሞ ስኳር ያለበት አይገባም ተባለ» የሚል ድንጋጤ ተነዛ።

ነገሩ በአንድ ሌሊት የመጣ አይደለም። ከ140 ዓመት በላይ ታሪክ አለው። ታሪኩን የማያውቅ ሰው ወይ ያለ መጠን ይደነግጣል፣ ወይ ያለ መጠን ይዘናጋል። ስለዚህ ዛሬ ወደ ኋላ ሄደን እንየው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

*

ሁለት በሮች

የዚህን ታሪክ ውል ለመያዝ አንድ ነገር አስቀድመን እንለይ። መንግሥታት በሽተኛን የሚመልሱት በሁለት በሮች ነው።

የመጀመሪያው የመተላለፍ በር ነው። «ያለብህ በሽታ ወደ ሕዝባችን ይተላለፋል» ይላል። ሁለተኛው የወጪ በር ነው። «በሽታህ አይተላለፍም፤ ነገር ግን ያስከፍለናል» ይላል።

ብዙ ሰው ሁለቱን ይቀላቅላቸዋል። ሕግ አውጪዎችም ብዙ ጊዜ ሆን ብለው ይቀላቅሏቸዋል። ታሪኩን ስንከተል የምናየው፣ ሕክምና ባደገ ቁጥር የመጀመሪያው በር እየጠበበ፣ ሁለተኛው ግን እየሰፋ መሄዱን ነው።

በአሜሪካ ከሁለቱ ቀድሞ የተጻፈው፣ ሊገርማችሁ ይችላል፣ የወጪው ነው። የ1882 የኢሚግሬሽን ሕግ ወንጀለኞችን፣ የአእምሮ ሕሙማንንና ራሱን ማስተዳደር ሳይችል «የሕዝብ ሸክም» ይሆናል የተባለን ሰው ሁሉ ከመርከብ እንዳይወርድ ከለከለ። በዚሁ ሕግ እያንዳንዱ መጤ 50 ሳንቲም እንዲከፈልበት ተደርጓል። «የሕዝብ ሸክም» የሚለው ሐረግ ከዚያ ወዲህ ከአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ወጥቶ አያውቅም። በኅዳር 2025 የወጣው መመሪያ የቆመውም በዚሁ ሐረግ ላይ ነው።

የመተላለፍ በር የተከፈተው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። የ1891 ሕግ «አስጸያፊ ወይም አደገኛ ተላላፊ በሽታ» ያለበት ሰው እንዳይገባ ደነገገ። ምርመራውን የፌዴራል መንግሥት ሐኪሞች እንዲያደርጉ፣ የማይገባውንም ሰው ያመጣው የመርከብ ድርጅት በራሱ ወጪ እንዲመልሰው አዘዘ።

*

የኤሊስ ደሴት ደረጃ

ጥር 1 ቀን 1892 ኒውዮርክ ወደብ ላይ የኤሊስ ደሴት ጣቢያ ሥራ ጀመረ። እስከ 1954 ድረስ 12 ሚሊዮን ያህል ሰው አልፎበታል።

ሁሉም መንገደኛ ግን አላለፈበትም። የአንደኛና የሁለተኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች እዚያው መርከቡ ላይ ለይስሙላ ታይተው በቀጥታ ከተማ ይገባሉ። ወደ ደሴቷ የሚጋዘው በመርከቡ የታችኛው ክፍል ታጭቆ የመጣው ድሃ ነው። ሀብታም ሰው በሽታ አይዘውም የሚል የሕክምና መጽሐፍ አልነበረም። ግን አሠራሩ እንዲያ ነበር። ልብ በሉ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ምርመራው የገንዘብም ምርመራ ነበር።

ደሴቷ ላይ የደረሰው ሰው ሻንጣውን ተሸክሞ ደረጃ ይወጣል። ሐኪሞቹ ከላይ ቆመው ያያሉ። ማን አነከሰ? ማን ቁና ቁና ተነፈሰ? ማን ደረቱን ያዘ? ሰውየው ምርመራው ገና አልጀመረም ብሎ ያስባል፤ ምርመራው ግን ደረጃው ላይ ተጀምሯል። የአንድ ሰው ምርመራ ጥቂት ሰከንዶች ብቻ ስለሚፈጅ ከጊዜ በኋላ «የስድስት ሰከንዱ ምርመራ» ተባለ።

የተጠረጠረ ሰው ልብሱ ላይ በጠመኔ ፊደል ይጻፍበታል። ልብ ከሆነ የልብ፣ ዓይን ከሆነ የዓይን፣ እግር ከሆነ የእግር የእንግሊዝኛ ቃል የመጀመሪያ ፊደል። የአእምሮ ችግር የተጠረጠረበት ሰው ደግሞ የኤክስ ምልክት ይደረግበታል። ጠመኔ የተጻፈበት ከሰልፉ ተነጥሎ ወደ ሌላ ክፍል ይወሰዳል። ሌላው ወደ ፊት ይሄዳል። ቋንቋውን የማያውቅ ገበሬ ትከሻው ላይ ምን እንደተጻፈበት አያውቅም። የሚያውቀው ሚስቱና ልጆቹ በአንድ በር፣ እሱ በሌላ በር መሄዳቸውን ነው።

ከሁሉ በላይ የሚፈራው የዓይን ምርመራ ነበር። ሐኪሙ በጣቱ፣ አንዳንዴም የጫማ ቁልፍ መቆለፊያ በሆነች መንጠቆ የዓይንን ቆብ ይገለብጣል። የሚፈልገው ትራኮማ ነው። ትራኮማን እኛ በደንብ እናውቀዋለን፤ እናቶቻችን «የዓይን ማዝ» የሚሉት ነው፤ ኢትዮጵያ ዛሬም በዓለም ከፍተኛው የትራኮማ ጫና ካለባቸው አገሮች ግንባር ቀደም ናት። አሜሪካ ትራኮማን በ1897 ከአደገኛ ተላላፊ በሽታዎች ተራ አስገባችው። ያን ጊዜ አንቲባዮቲክ የለም። ስለዚህ ትራኮማ የተገኘበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወደ መጣበት ይመለሳል። ልጅ ከሆነ እናቱ ወይም አባቱ አብሮት ይመለሳል፤ ቤተሰቡ እዚያው ወደቡ ላይ ለሁለት ይከፈላል።

በጠቅላላው ደሴቷ ላይ ከደረሱት መካከል በተለያየ ምክንያት የተመለሱት ከመቶ ሁለት ያህሉ ናቸው። ትንሽ ይመስላል። ከ12 ሚሊዮን ላይ ስታሰሉት ግን የአንድ ትልቅ ከተማ ሕዝብ ነው።

እዚህ ላይ ሳይነገር የማይታለፍ አንድ ነገር አለ። በ1903 የወጣ ሕግ፣ ሲሳፈር በምርመራ ሊታወቅ ይችል የነበረ በሽታ ይዞ የመጣን ሰው ያጓጓዘ መርከብ 100 ዶላር እንዲቀጣ አደረገ። ያኔ የመርከብ ድርጅቶች ራሳቸው ሐኪም ቀጥረው በአውሮፓ ወደቦች ላይ ተሳፋሪውን መመርመር ጀመሩ። አሜሪካ እንዳይመለስ የተፈራው ሰው ገና ሃምቡርግ ላይ ይቀራል። በሩ ከኒውዮርክ ወደ ሰውየው አገር ተጠጋ።

*

በሽታ ወይስ ሰበብ?

በፓስፊክ በኩል ደግሞ ሳንፍራንሲስኮ አጠገብ ከ1910 እስከ 1940 የኤንጅል ደሴት ጣቢያ ነበር። በዚህ በኩል የሚመጡት በብዛት ቻይናውያንና ሌሎች እስያውያን ናቸው። ለእነሱ የዓይን ቆብ መገልበጥ ብቻ አልበቃም። ዓይነ ምድራቸው ለመንጠቆ ትል ይመረመራል። የመንጠቆ ትል በቀላል መድኃኒት የሚድን፣ በራሷ በአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ብዙ ሰው የነበረበት በሽታ ነው። ከእስያ የመጣ ሰው ላይ ሲገኝ ግን መመለሻ ምክንያት ሆነ።

ለበሽታው የተሰጠው ክብደት እንደ በሽተኛው ዘር ይለያይ ነበር ማለት ነው።

ይህ የእኔ ፖለቲካዊ ትርጓሜ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1920ዎቹ የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት የኢሚግሬሽን ኮሚቴ ሃሪ ላውሊን የሚባልን ሰው የዘር ማሻሻያ «ባለሙያ» አድርጎ ቀጥሮ ነበር። ከደቡብና ከምሥራቅ አውሮፓ የሚመጡት ሰዎች በደማቸው ደካማ ናቸው ብሎ መሰከረ። በ1924 የወጣው ሕግ ለየአገሩ ኮታ ሲመድብ ይህ አስተሳሰብ ከጀርባው ነበር። የሕክምና ቃል ለብሶ የመጣ ሁሉ ሕክምና አይደለም።

ከ1920ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ምርመራው ራሱ ወደ ውጭ አገር ቆንስላዎች ተዛወረ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ኤምባሲው በፈቀደለት የሕክምና ተቋም ብቻ «ሜዲካል» የምናደርገው የዚያን ጊዜ ውሳኔ ውጤት ነው። ከዚያ ወዲህ የሚመለስ ሰው ፎቶግራፍ የለም። የሚያለቅስ ቤተሰብ ወደብ ላይ አይታይም። ሰውየው እዚያው በሰፈሩ፣ በዘመድ አዝማዱ መሃል ይቀራል። ለአሜሪካ ጋዜጠኛ የማይታይ ሆነ፤ ለጎረቤቱ ግን ይበልጥ የሚታይ ሆነ።

ዝርዝሩ ደግሞ በየጊዜው ይለዋወጥ ነበር። የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች እስከ 1965 ድረስ ለነዋሪነት እንዳይገቡ በሕግ የተከለከሉ ነበሩ። የሚጥል በሽታ አይተላለፍም። በ1965 ሕጉ ሲሻሻል ከዝርዝሩ ወጣ። በበሽታው ላይ አዲስ ነገር ስለተፈጠረ አልነበረም፤ የተለወጠው የሰው አመለካከት ነው።

*

96 ለ0

አሁን ወደ ሰፈራችን ልጅ ዘመን እንቅረብ።

በ1987 አሜሪካ በኤድስ ፍርሃት ተውጣ ነበር። የሰሜን ካሮላይናው ሴናተር ጄሲ ሄልምስ ኤችአይቪ ያለበት የውጭ ሰው እንዳይገባ የሚያደርግ ማሻሻያ አቀረበ። ሴኔቱ 96 ለ0 አጸደቀው። አንድም ሰው አልተቃወመም። ቫይረሱ በአሜሪካ ውስጥ በስፋት ተሰራጭቶ ሳለ በሩን ከውጭ ለሚመጣው መዝጋት ምን ይጠቅማል ያሉ የጤና ባለሙያዎች ነበሩ፤ የሰማቸው የለም።

በሚያዝያ 1989 ሃንስ ፖል ቨርሁፍ የሚባል ሆላንዳዊ የኤድስ አስተማሪ ሳንፍራንሲስኮ ላይ ወደሚደረግ ጉባኤ ሲሄድ ሚኒሶታ ላይ ታሰረ። ቦርሳው ውስጥ መድኃኒት ተገኝቶበት ነው። በ1990 ብዙ ድርጅቶች የሳንፍራንሲስኮውን ዓለም አቀፍ የኤድስ ጉባኤ አንካፈልም አሉ። በ1992 ቦስተን ላይ ሊደረግ የታሰበው ጉባኤ ወደ አምስተርዳም ተዛወረ። ከዚያ በኋላ ለ20 ዓመታት ያህል ጉባኤው ወደ አሜሪካ ምድር አልተመለሰም።

እነዚህ ግን ወደ አገራቸው የሚመለሱበት ፓስፖርትና የሚናገሩበት መድረክ ያላቸው ሰዎች ናቸው። የሄይቲዎቹ ታሪክ ይለያል።

በመስከረም 1991 ሄይቲ ውስጥ ፕሬዚዳንት አሪስቲድ በመፈንቅለ መንግሥት ሲወርዱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጀልባ ሸሹ። አሜሪካ ባሕር ላይ እየያዘች ወደ ጓንታናሞ ወሰደቻቸው። የጥገኝነት ጥያቄያቸው ሚዛን የሚደፋ ሆኖ የተገኘው ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። ከ200 በላይ የሚሆኑት ግን ጥያቄያቸው ተቀባይነት ቢኖረውም ኤችአይቪ ስለተገኘባቸው በሽቦ በታጠረ ካምፕ ውስጥ እንዲቆዩ ተደረገ። ወደ ኋላ እንዳይላኩ ይገደላሉ፤ ወደ ፊት እንዳይሄዱ ደማቸው ከለከላቸው። በሰኔ 1993 ዳኛ ስተርሊንግ ጆንሰን ካምፑ እንዲዘጋና ሰዎቹ እንዲለቀቁ እስኪያዙ ድረስ አንዳንዶቹ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ እዚያ ኖረዋል። «ጓንታናሞ» የሚለውን ስም ብዙዎቻችን ከሽብርተኝነት ጋር እናያይዘዋለን። ከዚያ አሥር ዓመት ቀድሞ የበሽተኞች ማጎሪያ ነበር።

በዚያው ሰኔ ወር ኮንግረስ የኤችአይቪ ክልከላውን በግልጽ ሕግ አደረገው። ከዚያ በፊት የጤና ሚኒስቴሩ በራሱ ደንብ ሊያነሳው ይችል ነበር፤ በ1991 ሞክሮም ነበር። ከ1993 በኋላ ግን ኮንግረስ ራሱ ካልፈታው በቀር የማይፈታ ሆነ።

*

ዲቪና የአክስት ልጅ

የዲቪ ፕሮግራም የተወለደው በ1990ው የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። በመደበኛ መልኩ መሥራት የጀመረው በ1995 የበጀት ዓመት ነው። ስለዚህ ዲቪና የኤችአይቪ ክልከላ ለ15 ዓመታት አብረው ኖሩ። ኢትዮጵያ ደግሞ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ብዙ ባለዕድል ከሚወጣባቸው የአፍሪካ አገሮች አንዷ ነበረች።

ሕጉ ልዩ ፈቃድ የሚባል መውጫ ነበረው። መውጫው ግን ለሁሉም አልነበረም። አመልካቹ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ ወይም ልጅ ሊኖረው ይገባል። በዚያ ላይ ለሕዝብ ጤና የሚያሰጋ አለመሆኑንና ሕክምናው በመንግሥት ወጪ እንደማይሆን ማሳየት አለበት። ስደተኛ ሆኖ ለሚሄድ ሰው በሰብዓዊነት ምክንያት የተሻለ መንገድ ነበረ። የዲቪ ባለዕድል ግን ብዙውን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ቅርብ ቤተሰብ ስለሌለው ነው ዲቪ የሞላው። አጎት አይቆጠርም። ወንድምና እህት አይቆጠሩም።

የአክስት ልጅ አትቆጠርም።

ከዚህም ሌላ ዲቪ ቀን አለው። የበጀት ዓመቱ መስከረም 30 ሲያልቅ ዕድሉም ያልቃል። ለሚቀጥለው ዓመት አይተላለፍም፤ ይግባኝ ብሎ የሚጠብቅበት ወንበር የለም። ያቺ ልጅ ያን ዓመት ከቀረች ቀረች ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የሚገርመውን ልንገራችሁ። በ2003 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ፔፕፋር የተባለውን ታላቅ የኤድስ መርሐ ግብር ጀመሩ። ኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ 15 አገሮች አንዷ ነበረች። በ2005 የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ በነፃ መሰጠት ጀመረ፤ በዚህ ውስጥ የአሜሪካ ገንዘብ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ስንት ሰው ከአልጋ እንደተነሣ ያየነው እናውቃለን። ይህን ውለታ መካድ ነውር ነው።

ነገር ግን በአንዲት ከተማ ውስጥ፣ በአንድ ባንዲራ ሥር ሁለት ነገር ይሠራ ነበር። በአንዱ በር «ተመርመሩ፣ አትፍሩ፣ ራሳችሁን አትደብቁ፣ መድኃኒቱን እኛ እንከፍላለን» ይባላል። በሌላው በር ደግሞ ተመርምሮ የተገኘበት ሰው ዕድሉን ይቀማል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚል ተረት አለን። ያኔ ግን የዲቪ ባለዕድል በሽታው ቢታወቅ ቪዛ አያገኝም፤ ባይታወቅ መድኃኒት አያገኝም።

ይህን ተቃርኖ አሜሪካውያንም አላጡትም። በሐምሌ 2008 ፔፕፋር ሲታደስ በዚያው ሕግ ውስጥ የ1993ቱ ክልከላ ከሕጉ መጽሐፍ እንዲወጣ ተደረገ፤ የፈረሙትም ቡሽ ናቸው። የቀረውን ደንብ በባራክ ኦባማ ዘመን ጨረሱትና ጥር 4 ቀን 2010 ክልከላው ተነሣ። የኤችአይቪ ምርመራም ከሜዲካሉ ወጣ። በ2012 የኤድስ ጉባኤው ወደ ዋሽንግተን ተመለሰ።

22 ዓመት ሙሉ የቆየው ክልከላ ሲነሣ የተፈራው ጥፋት አልደረሰም። ከዚያ በኋላም ይመለስ የሚል ጠንካራ እንቅስቃሴ አልታየም።

*

የወጪው በር ሲሰፋ

አሁን በአሜሪካ የመተላለፍ በር በጣም ጠቧል። ዋናው ያልታከመ የሳንባ ነቀርሳ ነው። ያልታከመ ቂጥኝ፣ ጨብጥና የሥጋ ደዌም በዝርዝሩ አሉ። ሁሉም ታክሞ የሚታለፍ ነው። ይህን ዓይነቱን ምርመራ እኔም አልቃወምም። በአየር የሚተላለፍ ቲቢ ይዞ ለአሥራ ምናምን ሰዓት አውሮፕላን ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ለጎረቤቱ አደጋ ነው። መንግሥት «መጀመሪያ ታከም፣ ከዚያ ግባ» ቢል ተገቢ ነው።

ሙግቱ ያለው በሁለተኛው በር ነው።

የካናዳን እንይ። ካናዳ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በጤና ወይም በማኅበራዊ አገልግሎት ላይ «ከመጠን ያለፈ ጫና» ያስከትላል የተባለን አመልካች ትከለክላለች። በ2005 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ሂልዊትዝ» በተባለው መዝገብ አንድ ትልቅ ነገር ወሰነ፤ የበሽታውን ስም ብቻ አይቶ መከልከል አይቻልም፣ የእያንዳንዱ ቤተሰብ ትክክለኛ ሁኔታና አቅም መታየት አለበት አለ። በ2016 ደግሞ የዮርክ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የሆነ የኮስታሪካ ሰው ልጁ ዳውን ሲንድረም ስላለበት መላው ቤተሰቡ ቋሚ መኖሪያ መከልከሉ ትልቅ መነጋገሪያ ሆነ። በኋላ በሰብዓዊነት ተፈቀደላቸው። በ2018 ካናዳ የወጪውን ጣሪያ በሦስት እጥፍ ከፍ አደረገችው፤ በዓመት ወደ 20 ሺህ የካናዳ ዶላር ገደማ። የልዩ ትምህርት ወጪም ከስሌቱ ወጣ። ስደተኞችና በዜጋ ወይም በቋሚ ነዋሪ ስፖንሰር የሚደረጉ ባለትዳሮችና ልጆች ከዚህ ክልከላ ነፃ ናቸው።

የአውስትራሊያም ተመሳሳይ ነው። በ2008 ሐኪም አጥታ በነበረች የቪክቶሪያ የገጠር ከተማ፣ ሆርሻም፣ የሚያገለግል ጀርመናዊ ሐኪም ልጁ ዳውን ሲንድረም ስላለበት ቋሚ መኖሪያ ተከለከለ። ሕዝቡ ተነሥቶ ጮኸ፤ ሚኒስትሩ ጣልቃ ገብተው ፈቀዱ። አውስትራሊያ የወጪ ጣሪያዋን በሐምሌ 2024 ወደ 86 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ከፍ አድርጋለች። አካል ጉዳተኞችን ከመድልዎ የሚጠብቀው የ1992ቱ ሕጓ ግን የኢሚግሬሽንን ጉዳይ ዛሬም ከሽፋኑ ውጭ አድርጎ ይተወዋል።

እነዚህ ሁለት ታሪኮች ደስ የሚል መጨረሻ አላቸው። ሆኖም አስተውሉ። አንዱ ፕሮፌሰር ነው፤ ሌላው ሐኪም ነው። ጋዜጣ የሚጽፍላቸው፣ ከተማ የሚጮህላቸው ሰዎች ናቸው። ሚኒስትር ጣልቃ የሚገባው ለታወቀ ሰው ነው። ለሜልበርን የታክሲ ሹፌር ወይም ለቶሮንቶ ጽዳት ሠራተኛ ማን ይጮሃል?

የእኛ እህቶች በብዛት የሚሄዱበት የባሕረ ሰላጤው አካባቢ ደግሞ ቋሚ መኖሪያ የሚባል ነገር ለሠራተኛ የለም። የሜዲካሉ ሕግ ግን ከሁሉ የከረረ ነው። ከመሄድ በፊት በተፈቀደ ክሊኒክ ምርመራ፣ ከደረሱ በኋላ ለመኖሪያ ፈቃዱ ሌላ ምርመራ አለ። ኤችአይቪ፣ የጉበት ቫይረስ ወይም ቲቢ የተገኘባት ሴት ብዙ ጊዜ ሳትታከም ትመለሳለች። ቦሌ የምትደርሰው ዕዳዋንና ውጤቷን ይዛ ነው።

*

ታዲያ አሁንስ?

ወደ ኅዳሩ መመሪያ ልመለስ። አሜሪካ በወጪ በር ስትጠቀም ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። በ2019 የወጣው «የሕዝብ ሸክም» ደንብ፣ ከባድ ሕክምና የሚፈልግ ሕመም ኖሮት የግል ኢንሹራንስ የሌለውን አመልካች በብርቱ የሚጎዳ ነጥብ ነበረው። በየካቲት 2020 ሥራ ላይ ዋለ፣ በመጋቢት 2021 ቀረ። አሁን በሌላ መልክ ተመልሷል። ነገም ሊነሣ ይችላል፤ ከነገ ወዲያም ሊመለስ ይችላል። የ1882ቱ ሐረግ ሰፊ ስለሆነ የመጣ መንግሥት ሁሉ የወደደውን ትርጉም ያስገባበታል።

ሐኪምም ጠበቃም አይደለሁም። ታሪኩን ስመረምር ያገኘኋቸውን ሦስት ነገሮች ግን ለሚሞክሩ ወገኖች ልንገር።

አንደኛ፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት «የተከለከለ በሽታ» ሆኖ በዝርዝር አልተጻፈም። የሚታየው የመክፈል አቅም ነው። ስለዚህ የስፖንሰር ገቢ፣ የሥራ ማስረጃ፣ የኢንሹራንስ ዕቅድና በሽታው በመድኃኒት ተቆጣጥሮ መያዙን የሚያሳይ የሐኪም ወረቀት ከበፊቱ የበለጠ ዋጋ አላቸው።

ሁለተኛ፣ ዲቪ የደረሰው ሰው ሜዲካሉን ለመጨረሻ ሰዓት አይተወው። ኤክስሬዩ ጥርጣሬ ካሳየ የአክታ ምርመራው ብቻ ሳምንታት ይወስዳል። ቲቢ ከተገኘ ሕክምናው ስድስት ወር ገደማ ነው። መስከረም 30 ግን ማንንም አይጠብቅም። በሽታው ድኖ ቀኑ ያለፈበት ሰው ከተከለከለ ሰው አይለይም።

ሦስተኛ፣ አትዋሹ። ሕመም ብዙ ጊዜ መፍትሔ አለው። በሐሰት የተሞላ ፎርም ግን ዕድሜ ልክ የሚከተል እገዳ ሊያመጣ ይችላል። በሰው አክታ ወይም በሰው ደም ለማለፍ የሚመክሯችሁን ደላሎች አትስሙ።

*

ስለ ልጅቷ ልጨርስ።

ሰው ሁሉ ትሞታለች ብሎ ጠበቀ። አልሞተችም። ከአንድ ዓመት በኋላ ሌላ ሰፈር ቤት ተከራይታ ገባች፤ መድኃኒቷን ጀመረች። ሱቅ ከፈተች። ባለፈው ዓመት በአንድ ሠርግ ላይ አገኘኋት። ከጎኗ ቁመቱ እሷን የደረሰ ወንድ ልጅ ቆሟል፤ ጤነኛ ነው። «አንተ ያ የጎረቤታችን ልጅ አይደለህም?» አለችና ሳመችኝ። ስለ ዲቪው አልተነጋገርንም። ሲኒ ከለዩባት ጎረቤቶች አንዷ ሁለት ወንበር አለፍ ብላ ተቀምጣለች። ሰላም ተባባሉ።

እሷን የከለከላት ሕግ ዛሬ የለም። ያወጡት ሰዎች 96 ለ0 ሲያጸድቁት እርግጠኞች ነበሩ። ከ22 ዓመት በኋላ ያነሱትም እርግጠኞች ነበሩ። በመካከል የተከለከሉትን ሰዎች ግን «ተሳስተናል፣ አሁን ኑ» ብሎ የጠራቸው የለም። የኤሊስ ደሴት ጠመኔ ቢያንስ ከልብስ ላይ ይራገፍ ነበር። እሷ ላይ የተጻፈውን ለማራገፍ ሰፈር መቀየር ነበረባት።

አገሮች ማን እንደሚገባ የመወሰን መብት አላቸው። ያንን አልከራከርም። ነገር ግን ዛሬ አንድ ባለሥልጣን «ይህ በሽታ ያለበት አይግባ» ሲል ስሙ፣ የትኛውን በር እየዘጋ እንደሆነ ጠይቁ። የምትተላለፈውን ተህዋስ ነው? ወይስ የድሃውን ኪስ?

ቸር ያሰማን።